በአምስት የቀለለው ፎቶ

«ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት…» ቴዎድሮስ ስልኩን እንደ መስታወት ፊቱ ላይ ደቅኖ ይቆጥራል። ያምሮት አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አብራ ታያለች። የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ እየተንፏቀቀ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ የግቢው በር መጣ፣ ቀጥሎ ባንዲራው፣ ባንዲራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ሠላሳ አምስት ላይ ቴዎድሮስ መቁጠሩን ተወው። «ይሄ ነገር ሼባ ከሆንን በኋላ ነው የሚከፈተው» አለና ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ ዘግኖ ሰጣት። ተቀብላ ቆረጠመች። ያን ጊዜ ገና ጓደኛዋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እዚያ ፍኖተ ሰላም ተምረው ባሕር ዳር የገቡ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው የድሮ ትምህርት ቤታቸውን ሊረዱ ተነሡ። አንድ ነገር ብቻ እንሠራለን አሉ። ምኑን እንደሚሠሩ ለመምረጥ ደግሞ፣ ያለውን እንዳለ በፎቶ አድርጋችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡልን፣ ሰኞ ተሰብስበን አይተን እንወስናለን ብለው ላኩ። የርእሰ መምህሩ የአቶ አለበል ልብ ያለው አዲስ አዳራሽ ላይ ነበር። የተማሪዎቹ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ፎቶ እንዲያነሣ ታዘዘ፤ ካሜራውን የያዘችው ያምሮት ናት። ዐሥራ አራት ፎቶ አነሣች። ሦስቱ የሴቶቹ ሽንት ቤት ነበሩ።

ስለዚያ ሽንት ቤት ማውራት ይቀፋል፤ ግን ሳይወራ አይሆንም። በር የለውም፤ በበር ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ጉድጓዱ ከሞላ ቆይቷል፤ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ትሉ ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳውን ይወጣል። ሰው ሲገባ ዝንቡ እንደተነካ የንብ ቀፎ ሆ ብሎ ይነሣና አፍ ውስጥ ልግባ ይላል። ያምሮት ሹራቧን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሦስት ጊዜ አነሣችና ወጥታ አጥሩ ሥር አስመለሳት። ሽታው ጸጉሯ ውስጥ ገብቶ በሳሙናም አልለቀቃትም።

ይህን ሁሉ የቻለችው ለሰብሊ ብላ ነው። ሰብሊና ያምሮት ከጅጋ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ የመጡ፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ፣ እሑድ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው አብረው የሚመለሱ ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች ዘንድ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይቀመስም። ከጠጡ መሄድ አለና። ሰብሊ በዚህ ሁሉንም ትበልጥ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ በቀር ጠጥታ አትጠግብም። የካቲት ላይ ሽንቷ ደም ሆነ። ለማንም አልተናገረችም። ወገቧ አላስነሣ ሲላት ነው እናቷ እሜቴ ካሰች የሰሙት። ጤና ጣቢያው ኩላሊቷ ታሟል አለ። እሜቴ ካሰች ልጃቸውን በቃሬዛ አሸክመው ሲወስዱ ወደ ያምሮት ዞር ብለው፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማችሁ ተደባበቃችሁብኝ። በሉ፣ ያ ቤት ካልተሠራ ልጄ እዚያ ግቢ አትረግጥም» አሏት። የእሜቴ ካሰች ቃል አንድ ነው። ሰብሊ ከክፍሉ ሁለተኛ ትወጣ ነበር።

የኮምፒዩተር መምህሩ ወንዳወቅ ገጹ ለምን እንደሚንፏቀቅ ለክበቡ አስረዱ። ካሜራው የሚያነሣው ግድግዳ የሚያለብስ ትልቅ ፎቶ ነው፤ በስልክ ለሚያይ ሰው ያ ሁሉ ምን ያደርግለታል፤ ጭዱን ሳይለዩ እህሉን ገበያ እንደ መጫን ነው አሉ። ከዐሥር ሰከንድ በላይ የቆየ ገጽ ሰው አይጠብቀውም። ከዚያ ለቴዎድሮስ አንድ ፕሮግራም ሰጡት። ፎቶውን ፎልደሩ ውስጥ መጣል ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በራሱ ስፋቱን ያሳንሳል፣ ከመቶ በተሰጠው የጥራት ቁጥር ልክ ያቀለዋል፣ ገጹ ላይም ይሰቅለዋል። ቴዎድሮስ በኮምፒዩተር ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ስለሆነ ሥራውን ለእሱ ተዉለት።

በማግሥቱ ገጹ በሰባት ሰከንድ ተከፈተ። ክበቡ አጨበጨበ። ያምሮትም አጨብጭባ፣ ዝቅ ብላ የራሷን ሦስት ፎቶዎች ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጭጋግ ነው። ግድግዳው ቡናማ፣ ወለሉ ዝናብ የመታው መንገድ የመሰለ። ትል የለም። ዝንብ የለም። ከኋላዋ አንዱ ልጅ፣ ይሄማ ከእኛ ቤት ይሻላል ብሎ ሳቀ።

ምን ሁኖ ነው ብላ ቴዎድሮስን ጠየቀችው።

«ማሽኑ ነዋ እቴ፤ በራሱ ነው የሚያቀለው። ፎቶ ሲቀል ይደበዝዛል። እኔ ምን ላድርግ?» አላት።

አመነችው። ግን ማታም ጠዋትም አንድ ነገር ከሐሳቧ አልወጣ አላት። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ያለችው ጽጌረዳ እዚያው ገጽ ላይ ቅጠሏ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማሽኑ ሁሉንም እኩል የሚያቀል ከሆነ አበባዋን ምን ብሎ ማራት?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህር ወንዳወቅ ቁልፉን ሰጧት። እሑድ የወላጆች በዓል ስላለ የካሜራውን ሚሞሪ ባዶ አድርጊው ተብላ ነበር። ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ሚሞሪውን ሰካችና ከመደምሰሷ በፊት ፕሮግራሙን ከፈተችው።

ፎልደሩ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። አንዱ «ግቢ» ይላል፤ ዐሥራ አንድ ፎቶ፣ ጥራት ሰባ አምስት። ሁለተኛው «ሌላ» ይላል። ሦስት ፎቶ፣ ጥራት አምስት።

ቁጥሯን ደጋግማ አየቻት። ከዚያ ከሚሞሪው ላይ የወለሉን ፎቶ ገልብጣ «ግቢ» ውስጥ ጣለችው። ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠይቃት ሥራውን ሠራ። አራት ሜጋባይት የነበረው መቶ ሃያ ኪሎባይት ሆነ። ቅልል ያለ ነው። ትሉም አለ። ዝንቡም ክንፉ ሳይቀር አለ።

በሩ ሲንጓጓ ቴዎድሮስ ገባ። እያፏጨ ነበር፤ ስክሪኑን ሲያይ ፉጨቱ ተቋረጠ።

«ማሽኑ አምስትን ከየት አመጣው?» አለችው።

ወንበር ሳበ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ከዚያ እያነሣ እየጣለ ነገራት። አቶ አለበል ቢሮ አስጠርተውት ነበር። አጥፋው አላሉትም። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በግልጥ አይናገርም። ሻይ አዝዘውለት፣ ገመናን ለእንግዳ ማሳየት የባላገር ወግ አይደለም ብለው፣ በዚያው አፋቸው ክረምት ባሕር ዳር ለኮምፒዩተር ሥልጠና አንድ ተማሪ እንደሚላክ አነሡ። የሚላከው ማን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም አሉና ሻዩን ጠጣ አሉት። ጠጣ።

«እኔም እኮ አላጠፋሁትም» አለ ቴዎድሮስ። «ፎቶው አለ። ትንሽ አደበዘዝኩት እንጂ ዋሸሁ እንዴ?»

«ሰብሊ ለምን እንደቀረች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔውኑ።» ይህን ብሎ፣ ልማድ ሁኖበት ይሁን አፍሮ፣ እጁን ኪሱ ሰደደና ሽምብራ ዘግኖ ዘረጋላት።

ያምሮት መዳፉን አየችው። ላብ አርሶታል፤ ቆሎው ተጣብቆበታል። ከዚህ እጅ ስንት ጊዜ እንደበላች አሰበችና ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ወደ መስኮቱ ሄዳ ውጭ ተፋች። ሽንት ቤቱስ ሽንት ቤት ነው፤ ሌላ ነገር ነኝ አላለም።

ቴዎድሮስ መዳፉን ሰበሰበ። ፊቱ ተለወጠ። «አታካብጂ እባክሽ። ቅድስት ልትሆኚ ነው? አቶ አለበል ሰኞ ያንን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠሩት አንቺን ነው። ካሜራውን ትነጠቂያለሽ፣ ከክበቡ ትወጫለሽ፣ ከዚያ ወላጅ አምጪ ነው።»

ይህ ውሸት እንዳልሆነ ታውቃለች። አባቷ አሁን በቆሎ እየዘሩ ነው። ወላጅ አምጪ ከተባለች በሬዎቹን ፈትተው፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ አቶ አለበል ቢሮ ደጃፍ ባርኔጣቸውን ይዘው ይቆማሉ። ምን አጠፋች ሲሉ ሽንት ቤት ፎቶ አነሣች ይባላሉ። አባቷ ሽንት ቤት ለሚለው ቃል እንኳን ዙሪያ ጥምጥም የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ተቀመጠች። የቀሩትን ሁለቱን ፎቶዎችም ከሚሞሪው ገልብጣ አንድ በአንድ «ግቢ» ውስጥ ጣለቻቸው። ፕሮግራሙ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ያነሣል፤ የማን ፎቶ ነው፣ ማን አዘዘ አይልም። ሲጨርስ «ሌላ» የሚለውን ፎልደር ከነፎቶዎቹ ደመሰሰችው። ሚሞሪውን ግን አልደመሰሰችም። ነቀለችና ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።

«ስልክህን ክፈትና ቁጠር» አለችው።

«ምን?»

«ገጹን ክፈት። ያን ቀን ስትቆጥር አልነበረም? ቁጠር።»

አወጣው። ለምን እንደታዘዛት እሱም አላወቀም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ድምፁ እየወረደ ሄደ። በሩ መጣ፣ ባንዲራው መጣ፣ ጽጌረዳዋ መጣች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። የማዳበሪያው ከረጢት መጣ። ስምንት ላይ ግድግዳው፣ ዘጠኝ ላይ ወለሉ።

ቴዎድሮስ ፊቱን አዞረ። ሁለት ዓመት እዚያ ግቢ ሲማር የሴቶቹን ወለል አይቶት አያውቅም። ያምሮት አላዞረችም። ቀፈፋት፣ አፏ ውኃ ሞላ፣ ግን እስከ ታች አየችው።

መምህር ወንዳወቅ በር አጠገብ መዝገብ አላቸው፤ ኮምፒዩተር የነካ ሁሉ ስሙን፣ ሰዓቱንና የሠራውን ይጽፋል። ብዙዎቹ ስም ብቻ ጽፈው ይሮጣሉ። ያምሮት ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ጎን፦ «ሦስቱን የሴቶች ሽንት ቤት ፎቶዎች እንደ ሌሎቹ በሰባ አምስት አደረግሁ። ቀድሞ በአምስት ነበሩ።»

በአምስት ያደረገው ማን እንደሆነ አልጻፈችም። ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ነበር። እስክሪብቶውን ሳትከድን መስመሩ ላይ አጋድማ ተወችለትና ወጣች።