ምሰሶው ላይ የሰቀልኩት አንሶላ

አባቴን መርከብ ወሰደው።

ወደባችን መርከብ ካየ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያላመነ ይተወው። እኔ የሆነውን ነው የማወራው፤ የምጽፈውም ማሽኑ አጥቦ እስኪጨርስ ብቻ ነው።

የሆነው ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሥራዬ የክሊኒክ አንሶላ ማጠብ ነው። የምንኖረው ድሮ የመርከብ ቲኬት ይሸጥበት በነበረው ክፍል ነው። ከበሩ እስከ ወንዙ ሃያ እርምጃ።

አባቴ የወደቡ ምልክት ሰቃይ ነበር። ያኔ እንጨት የሚያነዱት የእንፋሎት መርከቦች እንዲህ ያለ ትንሽ ወደብ ላይ ዝም ብለው አይቆሙም። ወደቡ ዳር በቆመው ምሰሶ ላይ ቀይ ጨርቅ ካዩ ጭነት አለ፤ ነጭ ካዩ ተሳፋሪ አለ። ምንም ከሌለ ጡሩምባቸውን ነፍተው ያልፋሉ። በኋላ የመኪና መንገድ መጣ፣ መርከቦቹ ቀሩ፣ ወንዙም ደለል ሞላው። አሁን ፍየል በእግሯ ትሻገረዋለች።

አባቴን እግሩ ከከዳው ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ምላሱ ግን አልከዳውም።

ያን ቀን የልብስ ገመዴ ተበጠሰ። አንድ አንሶላ ቀርቶኛል። ክንዴ ዝሏል። ምሰሶው ደግሞ ተገትሯል...

ሰቀልኩት።

በቃ። ያጠፋሁት ይኼን ነው።

ገብቼ ሳልቀመጥ ጡሩምባ ሰማሁ። ረጅም... ወፍራም...

የጭነት መኪና ነው አልኩ።

"ማነው ነጭ የሰቀለው?" አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

"እኔ። ገመዱ ተበጥሶ ነው።"

"ማን ሊሄድ?"

"ማንም። አንሶላ እኮ ነው አባዬ፣ ተኛ በቃ።"

"እነሱ አንሶላ መሆኑን በምን ያውቃሉ?"

"እነማን?"

ጆሮውን ወደ በሩ አቀና። ከዚያ፣ "በምን ቋጠሮ አሰርሽው?"

"በቋጠሮ ነዋ!"

"ያንቺን ቋጠሮ ዶሮም ትፈታዋለች።"

ሳቀ። እሱ ግራኝ ነው፤ ድርብ አድርጎ የሚቋጥረውን ከሱ ሌላ የፈታው የለም። ሊያስተምረኝ ለፍቶ ተስፋ ቆርጧል።

ሳቁ ቶሎ አለቀ።

"ስሚኝ ልጄ። ነጭ ከተሰቀለ ሰው ይሳፈራል። ተሳፋሪ ከጠፋ የሰቀለውን ነው የሚወስዱት። ወንድሜን እንደዛ ወሰዱት... ለቀልድ ሰቅሎ።"

ወንድም እንደነበረው ያን ቀን ሰማሁ።

"ጫማዬን አምጪ።"

"በየትኛው እግርህ ልትሄድ?"

"አምጪ አልኩሽ!"

አላመጣሁም። አንሶላውን አውርጄ ልገላገል ብዬ ወጣሁ።

ንፋስ የለም። አንሶላው ግን እንደ ሸራ ተነፍቷል።

አወረድኩት። ጥላሸት ተንጠባጥቦበታል። ገና አሁን ያጠብኩት አንሶላ! ሸተትኩት... የእንጨት ጭስ።

ከኋላዬ እንደ መርከብ መሳፈሪያ ያለ ከባድ ሳንቃ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጓ!

ዞርኩ። ደለል። ፍየሎች። ሁሉም መጋጥ ትተው አንድ ቦታ ያያሉ።

ሮጬ ገባሁ።

አልጋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ጫማው የለም።

አቧራው ላይ የጫማው ዱካ ነበር፣ የጤነኛ ሰው እርምጃ። ወደቡ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያልቃል። ከታች ደለሉ ላይ ምንም የለም።

ፖሊስ ፈለገ። ጎረቤት ፈለገ። አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

የአንሶላው ጥላሸት በምንም አልለቅ አለኝ። ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ይኼን እየጻፍኩ አሁን ቀና ብል... ምሰሶው ላይ ነጭ አለ።

ሳጥኑን አየሁ። እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት። ባዶ።

ወጣሁ። ጥላሸቱ ያው፣ አንሶላው ያው። ቋጠሮው ግን ድርብ ነው። በግራ እጅ የታሰረ።

በጥፍሬ ሞከርኩ። በጥርሴ ሞከርኩ።

ሰዓቱ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ይላል። ፍየሎቹ ቆመዋል።

ማሽኑን አጠፋሁ። ጫማዬን አደረግኩ።