ለእንግዳዋ ያልተነገረው ሕግ

ልጆች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብልጢት ነው። ብልጢት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ነው፤ ቤቱንና ሱቁን የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር። በዳማ የሚችላት ስለጠፋ ግን የግቢው ልጆች ብልጢት አሏት፤ እሷም ስሙን ወደደችው። መውደዷስ ባልከፋ፤ የከፋው ስሙን እንዳታጣው መፍራቷ ነው።

አንድ ቀን በግቢው ጥግ ወዳለችው ክፍል አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር ተከራይታ ገባች። ልጅቷ የብልጢት እኩያ ናት። ገና ማንንም አታውቅም። ልጆቹ ደረጃው ላይ የካርቶን ሰሌዳ ዘርግተው በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ከሩቅ ቆማ ታያቸዋለች። ብልጢት ጠራቻት። ለብቸኛ ልጅ “ነይ፣ ተጫወቺ” መባል ምን ያህል ደስ እንደሚል መቼም ታውቃላችሁ። እየሮጠች መጣች።

ዳማ ተጫውታ አታውቅም። ብልጢት ቆርኪው በሰያፍ እንደሚሄድ፣ የሌላውን ዘሎ እንደሚበላ፣ ጫፍ ሲደርስ እንደሚነግሥ አሳየቻት። አንድ ሕግ ግን ሳትነግራት ቀረች፦ መብላት እየቻለ ያልበላ ሰው ቆርኪው ይወሰድበታል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ረስታው ነበር።

የነርሷ ልጅ ቶሎ ገባት። ብልጢትን ታጨናንቃት ጀመር። መሀል ላይ ግን መብላት ስትችል ሳታይ አለፈች። ብልጢት ወዲያው ቆርኪዋን አነሳችባት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ለምን ብላ ጠየቀች፤ ሕጉ ነው አለቻት። ስላልነገርሽኝ አላወቅሁም ብትልም አልተጣላችም፤ ተቀብላ ጨዋታዋን ቀጠለች።

ብዙም ሳይቆይ ብልጢት ራሷ ሳትበላ አለፈች። ልጅቷ ሕጉን በማወቋ ደስ እያላት ቆርኪውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ብልጢት ደነገጠች። ያ ቆርኪ ከተወሰደ መሸነፏ ነው፤ ልጆቹም ሁሉ እያዩ ነው።

“ተይው” አለች። “ይሄ ሕግ ጨዋታውን ለሚያውቅ ሰው ነው። አንቺ ገና አዲስ ነሽ።”

ልጆቹ ሳቁ። ውሸት መሆኑን የሚያውቁትም አብረው ሳቁ። ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ተሸነፈች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ቤቷ ገባች። በማግስቱም አልወጣችም።

ብልጢት “ጨዋታ አይደል እንዴ?” እያለች ራሷን አታለለች። ከቀናት በኋላ ግን ነርሷ የተቀደደ ጋዋኗን ልታሰፋ ወደ ሱቁ መጣች። ብልጢት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማቻት።

“ጋሼ፣ ልጄ ወደ ድሮው ሰፈራችን እንመለስ እያለች አስቸገረችኝ” አለች ነርሷ። “ትናንት ደግሞ ‘እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ?’ ብላ ጠየቀችኝ።”

ብልጢት ምሳ አልወርድ አላት። እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች፤ ልቧ ግን አላረፈም። በመጨረሻ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው። አባቷ አልተቆጣም፤ የስፌት መኪናውን አቁሞ አያት። ቁጣ በተሻላት ነበር።

“ልጄ፣ ያሳፈርሻት በሰው ፊት ነው” አላት። “ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።”

ሄደች። ልጅቷን ለምና ወደ ደረጃው አመጣቻት፤ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ እንዳታለለቻትና አሸናፊዋ ልጅቷ እንደነበረች ተናገረች። የነርሷ ልጅ ጥቂት አሰበችና ይቅር አለቻት። ከልቧ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገመድ አብረው ይዘላሉ፣ ትምህርት ቤትም አብረው ይሄዳሉ። ያን ዕለት ግን ብልጢት ቆርኪዎቹን ደርድራ፣ አንቺ ጀምሪ ስትላት፣ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

“አልተቀየምኩሽም” አለች። “ዳማ ግን ከእንግዲህ አያሰኘኝም።”

ሌላ ቀንም ጠየቀቻት፤ መልሱ ያው ነው። ዛሬ ብልጢት ለሚመጣ አዲስ ልጅ ሁሉ፣ አንድ ቆርኪ ሳይነቃነቅ፣ ሕጉን አንድ በአንድ ታስረዳለች። ብትሸነፍም አትከፋም። የነርሷ ልጅ በደረጃው አጠገብ ወደ ሰሌዳው ቀና ብላ ሳታይ ስታልፍ ግን፣ ያን ጊዜ ሆዷ ይባባል።

ልጆቼ፣ ይቅርታ በደልን ቢሠርዝም ከሰው የነጠቅነውን ደስታ ሁልጊዜ አይመልስምና፣ አዲስ ለመጣ ሰው ሕጉን ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እናንተም በዚያው ሕግ ተዳኙ።