ግምት የሚያፈርሰው ደራሲ

ወጣቱ ደራሲ በየቅዳሜው በእጁ የጻፈውን አንድ ምዕራፍ ይዞ ወደ አንድ የታይፕ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ታይፒስቷ ተይባ ስትጨርስ ታዲያ ሳይጠይቃት አይሄድም፤ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሻል? የመሰላትን ትነግረዋለች። በሳምንቱ የሚያመጣው ግን ያለችውን ሁሉ ገልብጦት ቁጭ ይላል። ይሞታል ያለችው ሰውዬ ድኖ ይነሳል፤ ይታረቃሉ ያለቻቸው ይኳረፋሉ።

መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ሳይታወቃት ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን መቁጠር ጀመረች። አብራት የምትሠራው ታላቅ እህቷ ልብሽን የሰቀለው ልቦለዱ ነው ወይስ ባለቤቱ እያለች ታበሽቃታለች። ሁለቱም ነበሩ።

አንድ ምዕራፍ ብቻ ሲቀር፣ የመጽሐፉ ዓይን አፋር ሰዓት ሠሪ እንደ ምንም ደፍሮ የሚወዳትን ልጅ አግቢኝ አላት። ምዕራፉ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

«እሺ ትለዋለች?» አለ ደራሲው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ታይፒስቷ ልጅቷ እሺ እንድትለው አጥብቃ ፈልጋለች። ግን ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ እሺ ትለዋለች ካለችው መገልበጡ አይቀርም። ስለዚህ ብልጥ የሆነች መሰላት።

«እምቢ ነው የምትለው። አትወደውም።»

ፊቱ ልውጥ አለ። አመስግኗት ወጣ።

በሳምንቱ የመጨረሻውን ምዕራፍ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። መተየብ ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር እሷ እንዳለችው ነበር። የሚሆነውን እያወቀች፣ በየመስመሩ ግን ምናልባት ይቀየር ይሆናል እያለች ቀስ ብላ ተየበች። ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዲህ በፍርሃት ይጠብቃል? ተደነቀች። ሰዓት ሠሪው ልጅቷን ሲሰናበታት «ቅዳሜዎቼን ስለሞላሽልኝ አመሰግናለሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ለምን እንዳልኩህ ጻፍከው?»

«የጠየቅኩሽ ስለ መጽሐፉ ብቻ አልነበረማ።»

«እኔ ግን የመለስኩልህ ስለ መጽሐፉ ነው። ትገለብጠዋለህ ብዬ ዋሸሁህ።»

ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበ። ከዚያ ምዕራፉን ለመቀየር ወረቀቶቹን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ እጇን አስቀደመችና ከለከለችው።

«እሱን አትንካው፣ ያምራል። እኔን ግን ደግመህ ጠይቀኝ።»

ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ጠየቃት። መልሱን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ ቢሆንም እስክትናገረው ድረስ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት።