በኤፍራታ ክንድ ላይ

ታንኳዋ ያለ ቀዛፊ መንገዷን ይዛ፣ ሐይቁ ላይ በተንሳፈፉት ቤቶች መካከል እየተሽሎከለከች ወደ ጤና ጣቢያው ታመራለች። ማርዳ ብቻዋን ተሳፍራለች።

«ዛሬም ስኳርሽ ደህና ነው፤ ጎበዝ!» አላት ስልኳ።

ማርዳ ሁለተኛውን ቦምቦሊኖ እየዋጠች ነበር።

ልጇን ስታረግዝ ስኳር ይዟት ነበር። ስትወልድ ለቀቃት፤ ሐኪሞቹ ግን ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነግረው «ዘብ» ሰጧት። ዘብ ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ ስኳርን ከቆዳ ሥር እያነበበ በየጠዋቱና አደጋ ሲኖር ለስልክ የሚናገር ስስ ነገር ነው። ስኳሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቀይ ይበራል። የማርዳ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነበር። በእናቶች ስብሰባ ላይ እጅጌዋን እየጎተተች መሸፈን ሲሰለቻት፣ አንድ ቀን ዘቡን ነቅላ አብራቸው በምትኖረው በባሏ ታናሽ እህት ክንድ ላይ ለጠፈችው። ኤፍራታ ቀጭን የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ጉንፋን እንኳ አያውቃትም።

«ለመሥሪያ ቤታችን ሙከራ ነው፣ ኤፊዬ፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ማርዳ የሰፈሩ ምሳሌ ሆነች። ዛሬም የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ጃለኔ፣ አዳዲስ እናቶችን ምከሪልኝ ብላ ጠርታታለች።

ማርዳ ሹራቧን እንደለበሰች ፊታቸው ቆመች። «ዋናው ራስን መግዛት ነው...» ማለት ስትጀምር ስልኳ ጮኸ።

«ማርዳ፣ ስኳርሽ እጅግ ከፍ ብሏል! ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው!»

ሲስተር ጃለኔ ሮጣ መጥታ ጣቷን ወግታ ለካቻት። ከፍ ማለቱን ከፍ ብሏል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ግን አይደለም።

«ዘቡ ተበላሽቷል ማለት ነው። አይዞሽ፣ ነገ እንቀይረዋለን። ቀጥዪ» አለቻት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ጠዋት ኤፍራታ ጆጉን አንስታ ውሃውን እንዳለ ስትጨልጠው አይታታለች። ቀሚሷም ሰፍቷት ነበር። «ፈተናው ነው ያከሳኝ» ብላ ስቃ ነበር።

«አልተበላሸም» አለች ማርዳ። «እኔ ላይ አይደለም ያለው። የባሌ እህት ላይ ለጥፌዋለሁ።»

ከፊት የተቀመጠችው እናት የልጇን ራስ እየዳበሰች አቀረቀረች። ማርዳን የሰደባት የለም፤ ቢሰድቧት በተሻላት።

ሲስተር ጃለኔ ቦርሳዋን አንስታለች። «ወቀሳው ይቆየን። የት ናት?»

ኤፍራታን ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ወድቃ፣ እያስመለሳትና በኃይል እየተነፈሰች አገኟት። ሆስፒታል ሲደርሱ ሰውነቷ ኢንሱሊን ማመንጨት ማቆሙ ታወቀ። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር።

በማግስቱ ዐይኗን ስትገልጥ ማርዳ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ወንበር ነበር፤ መቀመጥ ግን አፍራለች።

«ሙከራ አልነበረም፣ ኤፊ። ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ስልክሽ ሲያሞግስሽ ሰምቼ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ! ሰው ፊት ቀና ብለሽ መሄድ ጀምረሽ ነበር።» ኤፍራታ የደረቀ ከንፈሯን ላሰች። «ሰሞኑን ቀይ ሲበራ እንዳታፍሪብኝ ብዬ ምግብ እተው ጀመር። ሳልበላ ስውል ወደ አረንጓዴው ይመለስልኝ ነበር። ትናንት ግን እምቢ አለኝ።»

ማርዳ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ዘቡ አንዴም አልተሳሳተም፤ የተለጠፈበትን ሰውነት በትክክል አንብቧል። የሁለቱን ሴቶች ይሉኝታ ግን ከየትኛው ቆዳ ሥር ያነበው ነበር?

«ከእንግዲህ ሲያምሽ እንዳትደብቂኝ» ልትላት ፈለገች። ይህን ለማለት ምን አፍ አላት?

የኤፍራታን እጅ ያዘች።

«እኔም ስኳሩ ተመልሶብኛል መሰለኝ» አለቻት። «ፈርቻለሁ።»