የዙረንቦርግ ሰኞ

ሦስተኛውም ምግብ ቤት ዝግ ነበር።

ግሪት በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ሰፈሩ የሚያውቃት የት እንደሚበላና የት እንደሚዝናና ጋዜጣ ላይ ስትጽፍ ነው። ጽሑፉን ግን የሚያቀብላት አለቃዋ ቪታል ነው። እሱ የዚህ ሰፈር፣ የዙረንቦርግ ልጅ ነው፤ እሷ አንትወርፕ ከመጣች ወር አልሞላትም።

ጋዜጣው ሽፋን ነው፤ በስለላ መሥሪያ ቤቷ የምስጢር ስሟ «ሰናፍጭ» ነው። ዛሬ ምሳ ሰዓት ዮሪስ የሚባል የራዳር መሐንዲስ ተቀብላ ከከተማው በሕይወት ማውጣት አለባት። ገዳዮች እየፈለጉት ነው።

ቪታል የመረጠው ቦታ ሰው የሚበዛበት ዓሣ ቤት ነበር። ደወለችለት።

«ዝግ ነው።»

«አጠገቡ ግቢ።»

«እሱም ዝግ! ማዶ ያለውም ዝግ! ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«አትነጫነጪ። አደባባዩ ላይ ቆመሽ ጠብቂው።»

ውሻ የምትጎትት አሮጊት አጠገቧ ቆማ ሳቀች። «ጋዜጣ ላይ የምትጽፊዋ አይደለሽም? ሰኞ እኮ ነው፣ ልጄ! እዚህ ሰፈር ሰኞ የትኛው ምግብ ቤት ይከፍታል? ያው ጥግ ላይ ካለው ችብስ ቤት ተሰለፊ!»

ሰኞ።

የሰፈሩ ልጅ ይህን አይስትም። ቪታል የፈለገው ባዶ አደባባይ ነው።

ግራጫ መኪና መጥቶ ቆመ። ዮሪስ ከባቡር ድልድዩ ሥር ብቅ አለ።

«ቪታል፣ ሸጥከን» አለች ባልተዘጋው ስልክ።

«ሰውየውን ተዪውና ሂጂ። አንቺን እንዳይነኩሽ ተስማምቻለሁ።»

ባሏን የቀበረች ዕለት ክንዷን ደግፎ የቆመው ቪታል ነበር።

ስልኩን ዘጋችው።

የመሐንዲሱን እጅ ይዛ ወደ ችብስ ቤቱ ሮጠች። ረጅሙን ሰልፍ ጥሳ መሃል ገባች።

«እመቤት! ወረፋ አለ እኮ!»

«እኛ እዚህ ሐውልት ነን?»

«ረሃብ አንቺን ብቻ ነው እንዴ የያዘው?»

ሁሉም አፈጠጠባት። ከመኪናው የወረዱት ሁለት ሰዎች እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ እንደከተቱ ቆሙ።

በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት አይተኮስም።

ትራም መጣ። ዮሪስን ገፍትራ አስገባችው፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሁለቱ ወደ መኪናቸው ሲሮጡ ትራሙ ድልድዩን አልፎ ነበር።

አመሻሽ ላይ ዮሪስ ድንበር ተሻገረ። ግሪት ለዋናው ቢሮ ደወለች።

«ማነው የከዳን?»

የቪታልን ሙሉ ስም ተናገረች።

ሊየዥ ከተማ ላይ ከባቡር ወረደች። እንዲህ ባለ ቀን የምትደውልለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቪታል። ስልኩን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፤ ከሥራ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ተቀላቅላ ሄደች።