በመጀመሪያ ጥሪ አቤት ያለው ቤት

ጥላ፣ ጣዕረ ሞት፣ የጉም ውስጥ ሰው የሚባል ነገር የለም እያልኩ በገበሬ ማኅበሩ የውይይት ክበብ ቆሜ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ያውም በጠመኔ ሥዕል ሠርቼ፣ ጉም ማለት ከቆላው የሚወጣ እርጥብ አየር ደጋው ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ የሚፈጥረው የውኃ ብናኝ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብዬ፤ ስለዚህ የምተርክላችሁን ስትሰሙ መምህሩን ብርዱ ነካው እንዳትሉ አደራ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ የተመደብኩት ግን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው፣ ቤቶቿ በአፋፉ ላይ ከላይ ወደ ታች ተሰካክተዋል፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወጣ ደግሞ ከአንዱ ደጅ ሌላው ደጅ አይታይም። እዚያ እንደደረስኩ ሰሞን እማማ አስካለ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት ናቸው፣ አንድ ልጃቸው ተፈራ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልደረሳቸውም።

«አይጽፍም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አሉኝ፣ «አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ሲመጣ ግን ‹ኧረ ይጽፋል፣ ሁልጊዜ ነው የሚጽፈው› አለኝ። ታዲያ የሚጽፈው የት ይገባል፣ መምህር? አንተ የተማርክ ነህ።»

አንኮበር ፖስታ ቤት ወጥቼ ጠየቅሁ፣ ነገሩም ወዲያው ገባኝ። ተፈራ ራሱ ብዙ አይጽፍም፣ በየጊዜው ያገኘውን ጓደኛ ያጽፋል፣ ጽሕፈቱን የሚያግዘውም ሁሉ አድራሻውን እንዳሻው ያስቀምጠዋል፤ አንዱ «ለክብርት እናቴ፣ ከጽዱ ዛፍ በታች» ይላል፣ ሌላው የሟች ባላቸውን ስም ይጽፋል፣ ሌላው ከወፍጮው አጠገብ ብሎ «ባሉበት ይድረስ» ይጨምርበታል፣ በአገሩ ያለችው አስካለ ደግሞ አንዲት ብቻ አይደለችም። እሳቸው አንዲት ሴት ሆነው አድራሻቸው ብዙ ሴት ሆኗል ማለት ነው፣ ደብዳቤውም አንዱ ጋ ተቀምጦ ይረሳል፣ ሌላው ወደ ላኪው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ሥራዬ ማብራራት ስለሆነ ታገሡኝ። አንድ አድራሻ በመጀመሪያ ከጌጡ ይራቆታል፣ ክብርት፣ ውድ፣ ባሉበት ይድረስ የሚለው ሁሉ ይወጣል፤ ቀጥሎ ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጻፋል፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ክፍለ ሀገሩ፣ አውራጃው፣ ወረዳው፣ ገበሬ ማኅበሩ፣ በመጨረሻም የቤት ቁጥሩ። ይህ ግን አልበቃም። ቅርጹ ያማረ አድራሻ ሁሉ ቤት አለው ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ደጁ ድረስ ሄዶ መጣራት፣ ባለቤቱ አቤት ሲልም ስሙን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ልክ ከሆነ ብቻ ቁጥሩ በሩ ላይ በሚስማር ይመታል። ይህን ሁሉ ለሊቀ መንበሩ ለጋሽ ማሞ አስረዳኋቸው፣ ሰምተው ሲያበቁ «ለአንድ ደብዳቤ ይህን ሁሉ?» አሉ፣ ግን ፈቀዱ፣ እኔም ከዘይት ቆርቆሮ ትንንሽ ሰሌዳ ቆርጬ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩና ከትምህርት በኋላ በየደጁ መዞር ጀመርኩ።

ጥሩ አልሄደልኝም። «ቤቶች» ብዬ እጣራለሁ፣ ዝም፤ ደግሜ እጣራለሁ፣ ዝም፤ ከጎጆው አናት ጢስ እየወጣ፣ ውስጥ ሰው ሲያስል እየሰማሁ የሚመልስልኝ የለም፣ እኔም ባዶ ቤት ብዬ መዝግቤ አልፋለሁ። በኋላ ጋሽ ማሞ መዝገቤን አይተው ሳቁብኝ።

«መምህር፣ እኔንም እኮ የለም ብለህ ጻፍክብኝ። ቤቴ ተቀምጬ ገንፎ ስበላ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አቤት አላሉም?»

«ጉም ነበራ። እዚህ አገር በጉም ሲጠሩህ እስከ ሦስተኛው ዝም ትላለህ። ሰው ያልሆነ ነገር ሦስቴ አይጠራም። አባቶቻችን እንዲያ ብለውናል።»

«ይሄ አጉል እምነት ነው፣ ጋሽ ማሞ።»

«ይሁን» አሉ፣ «አጉል ነው። አንተ ግን ሦስቴ ጥራ።»

ከዚያ ወዲህ ሦስቴ መጣራት ለመድኩ፣ እውነትም በሦስተኛው ሁሉም አቤት ይላል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጠላ ካልቀመስክ ብለው ይይዙኛል፣ ሥራው ቀና። እንዲህ እያልኩ ሃያ ስድስት ቁጥር ደረስኩ። ቀጥሎ የእማማ አስካለ ቤት ነበር፣ ቤታቸውን ከዚያ በፊት አላውቀውም፣ ከጽዱ በታች ነው የተባልኩት።

ገና ከሰዓት ነው፣ ጨለማ የሚባል ነገር የለም፣ ጉሙ ግን ወፍሮ ነበር። ከጽዱ ሥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ በታችኛው ወረድኩ፣ ጥቂት እንደሄድኩ አጥር ታየኝ፣ ከአጥሩም ማዶ ሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰማል፣ ዱም፣ ዱም፣ እርጋታ ያለው ነው። አሁን ሳስበው ውሻ አልጮኸም፣ ጢስም አልሸተተኝም፣ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም። «ቤቶች» አልኩ። እመኑኝ፣ ቃሉን በቅጡ ሳልጨርስ ሙቀጫው ቆመና «አቤት» አለ ከውስጥ፣ የእማማ አስካለ ድምፅ ነው፣ አሳምሬ የማውቀው።

«መምህሩ ነኝ እማማ፣ ለቤት ቁጥሩ። እንደ ደንቡ ስምዎን ልጠይቅ።»

«አስካለ።»

«ልጅ አለዎት?»

«ተፈራ። ወታደር ነው። ደብዳቤ አመጣህ?»

«ገና ነው፣ ቁጥሩ ከተመታ በኋላ ይመጣል።»

«እንግዲያው ምታው።»

ግባ አላሉኝም፣ ይህ ትንሽ ገረመኝ፣ በዚያ አገር ደጅ ቆሞ የሚመለስ ሰው የለም፣ ሥራ ይዘው ይሆናል አልኩና ሃያ ሰባት ቁጥርን በበሩ ምሰሶ ላይ መታሁት። ሚስማሩ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ፣ መዶሻዬም ድምፅ አልነበረውም፣ ጉም ድምፅ ያፍናል ብዬ ለራሴ አስረዳሁና ተመልሼ ወደ ላይ ወጣሁ፣ በላይኛውም መንገድ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄድኩ። ውሻ ጮኸብኝ። ጠራሁ፣ ዝም፤ ጠራሁ፣ ዝም፤ በሦስተኛው «አቤት፣ ማነው?» ተባለና በሩ ተከፈተ፣ እማማ አስካለ እንዝርታቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«መምህር ነህ እንዴ? ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ አሁን ታች ቤት አልነበሩም?»

«የምን ታች ቤት? ከእኔ በታች ቤት የለም ልጄ። ገደል ነው።»

«አሁን እኮ ቁጥር መትቼ መጣሁ። አቤት አሉኝ።»

የሚሾረውን እንዝርት በእጃቸው አቆሙት። «ስንቴ ጠርተህ?»

«አንዴ።»

«ድምፅዋ የማንን ይመስላል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «የእርስዎን» አልኳቸው።

አላማተቡም፣ አልደነገጡም፣ እጄን ይዘው አስገቡኝና ጠላ ቀዱልኝ፣ ቁጥሩን ልንቀለው ልመለስ ስልም «ጉሙ ሳይነሣ አትሄድም» ብለው ከለከሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ጋሽ ማሞን ይዤ ወረድኩ። አጥር የለም፣ ምሰሶ የለም፣ ቆርቆሮውም የለም፣ ሳርና ሳማ የበቀለበት ትንሽ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ገደሉ። ጭቃው ላይ ግን የጫማዬ ዱካ አለ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከገደሉ አፍ አንድ እርምጃ ሲቀረው ሁለቱም እግሮቼ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ለገደሉ ቁጥር ሰጠኸው?» አሉ ጋሽ ማሞ፣ «እንግዲህ ስብሰባም ይምጣ፣ መዋጮም ያዋጣ።» አፋቸው ይቀልዳል እንጂ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘውኝ ነበር፣ እስከ ጽዱም አልለቀቁኝም።

የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ የተማረ ሰው ምን ይላል። እርግጥ ማሚቶ ስም አይናገርም፣ ደብዳቤ አመጣህ ብሎም አይጠይቅም፣ ይህን ወደ ጎን ተውኩት። ሃያ ሰባትን ከመዝገቡ ሰረዝኩ፣ ለእማማ አስካለ ሃያ ስምንትን መታሁላቸው፣ ለተፈራም ቆስሎ የመጣው ጓደኛው በነገረኝ የጦር ክፍሉ አድራሻ፣ አዲሱን የእናቱን አድራሻ በገዛ እጄ ጽፌ ላክሁ፣ የቤት ቁጥር ሃያ ስምንት ብዬ፣ ሁለቴ አንብቤ።

ከአንኮበር ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚያወርድልን የአልዩ አምባው ነጋዴ ሰይድ ነው፣ በቅሎውን ጭኖ ሲመለስ በየደጁ ያድላል፣ ፖስታው ላይ ያለውን ቁጥር በሩ ላይ ካለው እያስተያየ እንዲሰጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ብቅ አለና «መምህር፣ አልሐምዱሊላህ፣ የእማማ አስካለ ደብዳቤ ትናንት መጣ፣ አድርሻለሁ» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ልጆቹን አሰናብቼ እሱንም ጎትቼ ወደ እሳቸው ወጣሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት ልል።

«የምን ደብዳቤ?» አሉ እማማ አስካለ።

ሰይድ ሳቀ። «እንዴ እማማ፣ ትናንት በእጅዎ ሰጠሁዎት እኮ። በአጥሩ ቀዳዳ እጅዎን አውጥተው ተቀበሉኝ።»

«በየትኛው አጥር?» አልኩት።

«በታችኛው። መምህር፣ አንተ እንዳልከኝ ነው ያደረግሁት፣ ወላሂ፤ ፖስታው ላይ ሃያ ሰባት ይላል፣ በሩ ላይ በቀይ ሃያ ሰባት ይላል። አስተያየሁ፣ ልክ ነው፣ ሰጠሁ።»

«እኔ የጻፍኩለት እኮ ሃያ ስምንት ነው» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር አላውቅም። ሰይድ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ፣ ቀስ ብሎም በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

እማማ አስካለ ግን ከሰይድ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «ስትቀበልህ ምን አለችህ?»

«‹ደኅና ነው?› አሉኝ... አለችኝ። ‹ደብዳቤው ይናገራል› አልኳት።»

«እኔም ብሆን የምጠይቀው ይኸንኑ ነበር» አሉና ነጠላቸውን ደረቡ። ወዴት ሲባሉም «ልጄ የላከልኝን ልስማ እንጂ» አሉ። ሰይድ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም ብሎ ቀረ፣ እኔ ተከተልኳቸው፣ ብቻቸውን ወደ ገደል እንዴት ልስደዳቸው። ጉሙ መውጣት ጀምሯል፣ ከጽዱ ሥር በታችኛው መንገድ ወረዱ፣ እኔም የነጠላቸውን ጫፍ ይዤ ቆምኩ።

አንዴ ብቻ ተጣሩ። «ቤቶች።»

«አቤት።»

ሰማሁት። ፊታቸው ወደ ጉሙ ነው፣ ጀርባቸው ለእኔ ነው፣ ከንፈራቸውን አላይም፣ ድምፁ ከእሳቸው ይውጣ ከፊታቸው ይምጣ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም፣ ሁለቱም አንድ ድምፅ ነዋ።

«ተፈራ ደኅና ነው?»

ወረቀት ሲዘረጋ የሚሰማ ዓይነት ኮሽታ ሰማሁ፣ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

«ደኅና ነው። እግሩን አሞት ነበር፣ ተሽሎታል። ብርድ ነው፣ የሱፍ ሹራብ ላኪልኝ ይላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እቴ» አሉ እማማ አስካለ፣ ከጎረቤት እሳት ተበድሮ እንደሚመለስ ሰው ተረጋግተው ዞሩና ቤታቸው ገቡ። ሰይድ ከሄደ በኋላ ወረቀት እንዳወጣ አዘዙኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ እግርህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፣ ሹራቡን መምህሩ ከደብረ ብርሃን ገዝቶ ያመጣልኛል፣ እልክልሃለሁ፣ እያሉ አጻፉኝ። መጨረሻ ላይ የላኪ አድራሻ ስደርስ ብዕሬን ያዙ።

«ቁጥሩን የእሷን አድርገው።»

«እማማ፣ ያ እኮ ቤት አይደለም። ሃያ ስምንት ነው ትክክለኛው፣ እርስዎ ራስዎ አቤት ብለውበታል።»

«በሃያ ስምንት እስከ ዛሬ ስንት ደብዳቤ መጣልኝ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ምን ታስረዳኛለህ?» አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ብዕሬን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ክፍለ ሀገሩን፣ አውራጃውን፣ ወረዳውን፣ ገበሬ ማኅበሩን በቅደም ተከተል ጻፍኩ፣ የቤት ቁጥር ሃያ ሰባት ብዬ ጨረስኩ፣ ቅርጹ አንድም ጉድለት የለበትም። ሹራቡም ተገዝቶ ከደብዳቤው ጋር ሄዷል። ይኸው አሁን መልሱን እየጠበቅን ነው፣ እማማ አስካለ ደጃቸው ተቀምጠው እየፈተሉ፣ እኔ ጉም በወጣ ቁጥር ልጆቹን ማስተማሩ እየተምታታብኝ፣ ምናልባትም ከታች ያለችው፣ ማን እንደሆነች የማላውቃት፣ እጇን በአጥሩ አውጥታ።