ዳኛው ይነሱልኝ

ዳኛ እንዳለው ቡሬ በሚገኘው ቤታቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ በራሳቸው መጥረቢያ ተፈልጧል፤ ደሙ ከጠረጴዛው ሥር እስከ ደጃፉ ወርዶ ረግቷል። ጠዋት ፋይል ልትወስድ የመጣችው የችሎት ጸሐፊ ፋናዬ ነበረች ያየቻቸው።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ፖሊሶች አብተው የሚባሉ የሽንዲ ገበሬ ይዘው ነበር። የሠፈሩ ሰው በዱላ ደብድቧቸው አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል።

ሀብትነሽ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። በዳኛው ጥርስ መካከል የሰው ቆዳ ቅንጣቢ አለ። ከደረታቸው ሥር በደም የራሰ ወረቀት አወጣች፤ አንብባ በፖስታ አሸገችው። ለማንም አልነገረችም።

«አብተው ምን አሉ?» ስትል ፋናዬን ጠየቀቻት።

«ትናንት በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ‹ዳኛው ይነሱልኝ፤ ካልተነሱ ፍርድ የለም› ሲሉ ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል።»

«ዳኛውስ?»

«‹በአቤቱታው ላይ ነገ ብይን እሰጣለሁ› ብለው ፋይሉን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ምን ሊወስኑ እንዳሰቡ ለእኔም አልነገሩኝ።»

ቀጥላ አብተው ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ዝተውባቸዋል እየተባለ ነው።»

«ልጄ፣ ከወንበር ይነሱ አልኩ እንጂ ከምድር ይነሱ አላልኩም። ከገነነ ጋር በመሬት እንካሰሳለን። የገነነን ልጅ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ክርስትና ያነሳ ዳኛ ከችሎት ቢነሳ ነውር ነው?»

እጆቻቸውን አገላብጣ አየች። ሻካራ ናቸው፤ ቁስል ግን የለባቸውም።

እህል ነጋዴው ገነነ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«የወፍጮ ቀበቶ ያዘኝ።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ዳኛውን አግኝተዋቸዋል?»

«ከችሎት ወዲህ ዓይናቸውንም አላየሁ። ደግሞስ ፋይሉ ለሌላ ዳኛ እንዲመራ ካዘዙ ወዲያ የእሳቸው ሞት ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ሀብትነሽ ቃሉን ጻፈችና አመሰገነችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በዳኛው ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አብተው የተናገሩት የችሎት ቋንቋ ነው» አለች። «ተከራካሪ ዳኛውን ከጠረጠረ ይነሱልኝ ይላል። ሰሚው ዛቻ አደረገው። ዳኛው ደግሞ ማታ እዚሁ ተቀምጠው ብይኑን ጻፉ። ‹ገነነ አበልጄ ስለሆነ ከዚህ ችሎት ተነስቻለሁ፤ ፋይሉ ለሌላ ዳኛ ይመራ› ይላል። ቀለሙ ሳይደርቅ ደም ፈሰሰበት። ከእኔ በቀር ይህን ወረቀት ያየ የለም። አቶ ገነነ፣ እርስዎ ከየት አወቁት?»

ገነነ የተጠቀለለ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ዳኛው ሊጮሁ ሲሉ አፋቸውን አፈኑ፤ ነከሱዎት። ለማምለጥ ሲዞሩ ከኋላ መቷቸው። ጨርቁን ይፍቱት።»

ገነነ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ የአብተውን ጉሮሮ አነቀ። ሁለት ፖሊሶች ትከሻውን በሰደፍ ደጋግመው መትተው መሬት ላይ ጣሉት። ጨርቁ ሲፈታ አውራ ጣቱ ሥር የጥርስ ረድፍ ታየ፤ ቆዳው ተቦጭቋል።

«ልጄን ያቀፈ ሰው ይከዳኛል አላልኩም» አለ አፈር ላይ እንደተኛ። «ልለምነው ነው የሄድኩ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አነበበልኝ። ‹ዳኛና አበልጅ በአንድ ወንበር አይቀመጡም› አለኝ። መጥረቢያው በሩ ሥር ነበር።»

እያንገላቱ ወሰዱት። አብተው አንገታቸውን እያሹ ወደ ሀብትነሽ ቀረቡ።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ አንዴ አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። ሽማግሌው በደህናው ዓይናቸው አለቀሱ።

«እንዲህ ያሉ ሰው መሆናቸውን ባውቅ» አሉ፣ «እሳቸው ይዳኙኝ እል ነበር።»